ለሕዝብ በስጦታ ስለተሰጠችው የአቶ ንጉሡ አውቶሞቢል የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወርቂቱ አራጌ
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ በረሃብተኞች መጠለያ ምግብ አብሳይ
አድራሻ፦ መካነ ሰላም ከተማ፣ ከአቶ ንጉሡ ካሳ ግቢ በስተጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ቦታ፦ ግንቦት 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ቢተው ቸኮል

ከላይ ስሜና አድራሻዬ የተገለጸው እኔ ምስክር፣ ሹፌር አባተ ደብረወርቅ ከመጠለያው የእርዳታ ዱቄት ሰርቆ በአውቶሞቢሏ ራዲያተር ውስጥ በመጨመር አሻጥር ሠርቷል፣ በዚህም አንዲት ወላድ ለሞት አብቅቷል ተብሎ በአቶ ንጉሡ ካሳ አመልካችነት ስለታሰረበት ጉዳይ የማውቀውን እንድናገር ተጠርቼ ቀርቤአለሁ። ከአባተ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ከአቶ ንጉሡ ጋር ጠብ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ ለጠብ የሚበቃ ነገር አላየሁባቸውም ብዬ መልሻለሁ።

አቶ ንጉሡ ከየካቲቱ የመሬት አዋጅ በፊት ግራዝማች ነበሩ። ያን ጊዜ ግራዝማች ካልተባሉ ሰላምታ አይመልሱም ነበር፤ ዛሬ ግራዝማች ያላቸውን ይቆጣሉ። አውቶሞቢሏን ከጥቂት ዓመት በፊት አሮጌ ሆና ሳለ ደሴ ላይ ከአንድ ነጋዴ ገዝተው አመጡ። ነጋዴው የተገላገላት ይመስለኛል። ለቤተሰብ መጓጓዣ ናት ቢሉም፣ ቤተሰቡ ሲጓጓዝባት ካየሁት ይልቅ እሷ ስትጓጓዝ ያየሁት ይበልጣል። ባትሪዋ ጧት ጧት ስለማያስነሳት ጢሰኞቻቸው በየተራ እየመጡ እንዲገፉ ታዘው ነበር። ከእርሻውና ከአጥሩ ጋር መኪና መግፋትም የጢሰኛ ግዴታ ሆነ። አልታዬ የሚባል ጢሰኛቸው አንድ ቀን ትከሻውን ኋላዋ ላይ አስደግፎ፣ "በሬ ብትሆን ኖሮ እኮ ድሮ ታርዳ ቆዳዋም አልቆ ነበር" ሲል ሰምቻለሁ። ግራዝማች ከውስጥ መሪ እንደያዙ፣ "አፍህን ተውና ጉልበትህን!" አሉት።

ፍሬኗ ተደጋግሞ ካልተረገጠ አይዝም። ስለዚህ ከነጂው አጠገብ የሚቀመጠው ሰው ድንጋይ ታቅፎ ይሄዳል፤ ቁልቁለት ላይ ስትቆም ወርዶ ጎማዋ ሥር ታኮ ያደርገዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቻለች የክት ነጠላ ለብሰው፣ ድንጋይ እንደ ሕፃን ታቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አገር ያየው ነው።

ከሁሉ የባሰው ራዲያተሯ ነበር፤ ያፈሳል። አባተ እንደተቀጠረ፣ "ጌታዬ፣ ይሄ ደሴ ወርዶ መበየድ አለበት፤ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል" ሲላቸው፣ "ሹፌር ሁሉ መለዋወጫ ካላለ ሹፌር የሆነ አይመስለውም" ብለው አሳፈሩት። ከዚያ ከአንድ የጭነት መኪና ነጂ በሰሙት ዘዴ፣ ማንጠባጠብ ስትጀምር ራዲያተሩ ውስጥ በሶ ይጨምሩ ጀመር። በሶው ቀዳዳውን ለጊዜው ይደፍነዋል፤ እየቆየ ግን የውሃውን መተላለፊያ በሙሉ በሊጥ ይዘጋዋል። አባተ ይህንንም ነግሯቸዋል።

ይህን የማውቀው ያን ጊዜ በቤታቸው ገብስ እየቆላሁ እፈጭ ስለነበር ነው። "የመኪናዋን በደንብ ንፊው፤ ገለባ አይስማማትም" ይሉኝ ነበር። ይህ የሆነው በ1966 ዓ.ም. ነው፤ ከመቅደላ በኩል የመጣ ረሃብተኛ በራቸው ላይ ወድቆ ነበር። አንዲት ሴት ወንፊቱን አይታ ለማን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። "እመቤቴ፣ እሷ ምን ሆና ቀደመችን?" አለችኝ። ወንፊቱን አስቀመጥኩት። ከዚያ ቤት ሥራ ለቅቄ ወጣሁ።

ዘንድሮ መሬቱ ሲወሰድ መኪና የሚገፋ ጠፋ። አቶ ንጉሡም በሚያዝያ ወር አውቶሞቢሏን ለመጠለያው ኮሚቴ በስጦታ ሰጡ። በገበያው ሜዳ ርክክብ ሲደረግ ንግግር ያሰሙት ሞተሩ እየሠራ ነው። ሕዝቡ የክብር ሥርዓት መስሎት አጨበጨበ፤ እኔ ግን ከጠፋች እንደማትነሣ አውቅ ነበር። "ከልጆቼ ነጥቄ ለወገኔ" አሉ። የዚያን ዕለት ከሥሯ ጠብታ አልነበረም። ራዲያተሩን ማን እንደደፈነው አላየሁም፤ ያላየሁትን አልናገርም። አባተ ግን በዚያ ሳምንት ለለቅሶ አጅባር ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ኮሚቴው ሌላ ነጂ ስላልነበረው እሱኑ ቀጠረው።

ግንቦት 14 ቀን ጧት፣ በመጠለያው የነበረች በለጥሻቸው የምትባል ሴት ምጥ ስለጠናባት ደሴ ሆስፒታል እንድትወሰድ ታዘዘ። እኔ እንድደግፋት አብሬ ተሳፈርኩ። አባተ ራዲያተሩን በውሃ ሞልቶ፣ መጠባበቂያ ውሃም ጭኖ ነበር። አቀስታ ሳንደርስ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶ ከኮፈኑ እንፋሎት ወጣና ቆመች። አባተ በለጥሻቸውን፣ "አብሽሪ እህቴ፣ ትንሽ ትቀዝቅዝልን" እያለ ውሃ ቢጨምር አልገባ አለው። የታችኛውን ቱቦ ሲፈታው በውሃ ፈንታ ሊጥ ወጣ። አሸተተውና፣ "እትዬ ወርቂቱ፣ አሁንም በሶ!" አለኝ። ከዚያ በመንገዱ ዳር ወዳለ እርሻ ሮጦ ገበሬዎች ጠርቶ መጣ፤ ቃሬዛ ተሠራ። በለጥሻቸው አቀስታ ሳትደርስ መንገድ ላይ ከነጽንሷ ዐረፈች። አሻጥረኛ የተባለው ሰው ቃሬዛውን ለሌላ ሳይለቅ ተሸክሟል። አመልካቹ በዚያ ሰዓት የት እንደነበሩ አላውቅም፤ ቃሬዛው ሥር ግን አልነበሩም።

ከመጠለያው የስንዴ ዱቄት ጎድሎ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አልጎደለም ብያለሁ። ሃምሳ አለቃው፣ "እንዲህ ከሆነ እሰየው፤ ግን ማን እንደጨመረው ካላየሽ ይህ ልጁን አያስፈታውም" አሉኝ። አመልካቹ ባሉበት ልጠየቅ ብዬ ስላመለከትኩ አቶ ንጉሡ ከውጭ ተጠርተው ገቡ።

ገና ሳይቀመጡ፣ "ይህች የወጥ ቤት ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለችና ነው? የእርዳታ ዱቄት ነው፤ የሰረቀውም ሹፌሩ ነው" አሉ። እኔም፣ "የእርዳታ ዱቄት ከሆነስ ሌባው እርስዎ ነዎት። ስጦታውን በሰጡበት ሳምንት የመጠለያውን መጋዘን ዞረው የጎበኙት እርስዎ ነዎት፤ አባተ ከተማው ውስጥ አልነበረም። ያቺን መኪና በረሃብተኛ ስንዴ ለጥፈው ሰጡን" አልኳቸው።

ፊታቸው ደም ለበሰ። "እኔ? እኔ ንጉሡ የለማኝ ስንዴ ልሰርቅ? ጎተራዬ መቼ ጎደለና! ከገዛ ቤቴ ገብስ ነው በገዛ እጄ የጨመርኩት! ያውም አስነፍቼ!" ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

በር ላይ የቆመው ፖሊስ ዞሮ አያቸው። ከዚያ እሳቸውም የሃምሳ አለቃውን እጅ አዩና፣ "ይሄ እንኳ አይጻፍ" አሉ። ሃምሳ አለቃው ይጽፉ ነበር። የምጨምረው እንዳለኝ ተጠይቄ፣ እሳቸው ከተናገሩት የምጨምረው የለኝም ብያለሁ።

ይህ ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ራሴም ወስጄ አንብቤዋለሁ። ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ ብዬ የሰጠሁት እውነተኛ ቃል መሆኑን፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወርቂቱ አራጌ (ፈርማለች)
ቃል ተቀባይ፦ ሃምሳ አለቃ ቢተው ቸኮል (ፈርመዋል)
ሲነገር የሰማ እማኝ፦ ፖሊስ ተክለ ሃይማኖት አበቡ (ፈርሟል)
አመልካች አቶ ንጉሡ ካሳ፦ በፊታቸው የተነገረው ተነቦላቸው፣ ለመፈረም ፈቃደኛ ባለመሆናቸው ከጣቢያው እንዳይወጡ ተደርጓል።