ጋሽ ተፈራ ፖከር የተዉበት ቀን

በእኛ ጊዜ፣ አንቺ ልጅ፣ ሕፃኑን እያጠባሽ ስሚኝ፣ እዚህ ጁባ ውስጥ «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉኝ «ፖከር» ነበር የምለው። ሳቅሽ? በእሱ እኮ ነው የኖርኩት፣ ሙኑኪ ሰፈር ያለውን ቤት የተከራየሁት በእሱ ነው። ታዲያ የፖከር ሙያው ካርታው እንዳይመስልሽ፣ ፊት ነው፣ ፊት! ቤትሽ ቢቃጠል ጭሱ ፊትሽ ላይ መታየት የለበትም። ከታየ ተበላሽ!

ታዲያ በዚያ ወታደሮቹ እርስ በርስ በተታኮሱበት በታኅሣሡ ግርግር፣ ሀይ ጀላባ ሰፈር አንድ ሆቴል ተቀምጠናል፤ እኔ፣ ሀጂ የምንለው ጨርቅ ነጋዴ፣ እና ጡረታ የወጣ ኮሎኔል። ኮሎኔሉ ጋምቤላ ስላደገ አማርኛው እንደኛው ነው። እና ተኩስ ጀመረ። ጠ! ጠ! ጠ! ከዚያ ከባዱ መጣ፣ ብርጭቆው እስኪንቀጠቀጥ። ከየት በኩል? ከሙኑኪ! ባለቤቴ አልማዜ ደግሞ እዚያ ቤት እግሯ በጄሶ ታስሮ ብቻዋን ተኝታለች፣ መሮጥ የማትችል ሰው! ብደውል፣ ብደውል፣ ኔትወርክ የለም።

ተነሥ እንዳትዪኝ። የጠረጴዛችን ሕግ ነው፣ የበላ ሰው ቀድሞ አይነሣም፣ የተበላው «ኻላስ»፣ በቃ፣ እስኪል ይጠብቃል። የበላሁት እኔ፣ የተበላው ኮሎኔሉ፣ ሽጉጡ ጭኑ ላይ።

«ካርታ አድል!» ይለኛል፣ እንዲህ በአፍንጫው። ጠ! ጠ! ይላል ውጭው፤ «አድል!» ይላል እሱ።

እና ልበላለት አልኩ። ይብላና ደስ ብሎት ኻላስ ይበል። ታዲያ አይመጣ ካርታ ያን ቀን መጣልሽ! ሦስት አስ፣ የማይጣል ካርታ! ፊቴ ድንጋይ ሆኖ፣ «ትቻለሁ» ብዬ ጣልኩት። ኮሎኔሉ እጁን ሰደደና ገለበጠው። ሀጂ «ያ አላህ» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ተፈራ፣ ትንቀኛለህ?»

«ኧረ በጭራሽ፣ ጌታዬ!»

«ታዲያ ይህን ማን ይጥላል?»

ያኔ ፈነዳሁ። «ባለቤቴ ሙኑኪ ናት! ብቻዋን! እግሯ ተሰብሮ!» እንባዬ ካርታው ላይ ዱብ ዱብ።

ኮሎኔሉ ብድግ አለ። «አንተ ሰውዬ! እኔ እኮ ወጥታችሁ እንዳትመቱ ብዬ ነው በጨዋታ የያዝኳችሁ! ፊትህን ሳየው የሚጠብቅህ ሰው ያለህም አልመሰለኝ። አፍ የለህም?»

በኮሎኔሉ መኪና፣ በየኬላው እሱ እየተነጋገረ፣ እኔ እያለቀስኩ ደረስን። አልማዝ ጄሶዋን እየጎተተች ከአልጋ ወርዳ ግድግዳ ሥር ተለጥፋለች። ደህና ናት! ቀና ብላ ታየኝና ምን ትላለች? «ውይ፣ አንተም ታለቅሳለህ?»

«ከዚያ በኋላስ ተጫወቱ፣ ጋሼ?» አልኳቸው ሕፃኑን እያስተኛሁ።

«ሞክሬ ነበር! ገና ካርታ ሳነሣ ሀጂ ‹ተፈራ፣ ዛሬ ጥሩ ይዘሃል› ይለኛል። ያ ድንጋይ ፊቴ አልመለስ አለኝ፣ አንቺ ልጅ! በዚያው ተውኩት።» ሳቁ፣ እስኪያስላቸው።

እትዬ አልማዝ ከጓዳ ሆነው፣ «እኔስ ባሌን ያወቅኩት ከዚያ ወዲህ ነው» አሉ።