ለአማት የተመረጠው ድንጋይ

ከፋሲሎ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ፣ ከፊቴ ክንዱን በሻሽ ያንጠለጠለ ግዙፍ ወጣትና አንድ ሽማግሌ ወደ ወጣቱ አማት ቤት ለዕርቅ ይሄዱ ነበር።

«ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ለወጉ ነው ልጄ። ማነው ባለፈው ያን የሚያህል አንሣ ያለህ?»

«ክብደት አንሺ ነኝ አባባ። ሚስቴ እያየችኝ ጠጠር ልሸከም?»

«ይኸው ትከሻህ ወለቀ!»

«ትከሻዬስ ይሁን፤ ድንጋዩ አማቴ እግር ላይ ወደቀ እንጂ።»

«ያውም ‹ብረት ሲያነሣ እየዋለ ቤቱን ረሳ› ብለው ልጃቸውን የወሰዱብህ ሰው!»

«አሁን ደግሞ ለእግራቸው ሌላ ድንጋይ መሸከም አለብኝ። ሐኪሙ ግን ማንኪያም ቢሆን በግራህ አንሣ ብሎኛል።»

«እኔ እሸከምልሃለሁ፤ አንተ ከኋላዬ ሆነህ ታጎነብሳለህ።»

«እርስዎ ምን አጠፉ?»

«ልጅቱን ለምኜ ያጋባሁህ እኔ አይደለሁ?»

የወጣቱ ስልክ ጠራ፤ ሚስቱ ናት። አነጋግሯት ሲዘጋ፣

«ምን አለች?» አሉት።

«ከታረቅን ዛሬውኑ አብራኝ ትመለሳለች። ድንጋዩንም በር ላይ አዘጋጅታለች።»

«እሰይ! ድንጋይዋ ትንሽ ናት?»

«‹ባሌን ማንም እንዳይንቀው› ብላ ከጎረቤት ጋር እያንከባለለች ነው ያመጣችው።»

«ወራጅ አለ!» አሉ ሽማግሌው።

«የለም!» አለ ወጣቱ፣ በደህና እጁ ኩታቸውን ጨብጦ።

እኔም በልቤ ለሽማግሌው ወገብ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ።