የተጣበቀ ሥጋ

በፋሲካ ዋዜማ ከደብረ ታቦር ወደ ንፋስ መውጫ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከአዲስ አበባ የምትመጣ አንዲት ሴት የያዘችውን እሽግ ሥጋ አጠገቧ ለተቀመጠ የምግብ ሳይንስ ተማሪ አሳየችው። እርሱም የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ አነበበላት፤ እኔ በመስኮቱ በኩል ከጎናቸው ተቀምጬ እሰማ ነበር።

«ቁርጥራጭ ሥጋ ነው፣ እትዬ። አንድ ወጥ እንዲሆን ፕሮቲኑን የሚያያይዝ ኢንዛይም ተጨምሮበታል።»

«ኢንዛይም ደግሞ ምንድን ነው?»

«እንደ ሙጫ ቁጠሪው።»

«ሙጫ! ከምን የሚሠራ?»

«ብዙውን ጊዜ ከረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ከከብት ወይም ከአሳማ ደም የሚወጣም አለ።»

«በስመ አብ! ይኸኛውስ?»

«እሱን አልጻፉም።»

«አራጁ ክርስቲያን መሆኑን ጠይቄ እኮ ነው የገዛሁት!»

«ስለ ሙጫው ግን አልጠየቅሽም።»

«አትቀልድብኝ፣ ወንድሜ። ለአባቴ ነው። ቄስ ናቸው፤ ጥርሳቸው አልቆ ሥጋ መብላት ትተው ነበር። ዓምና ይህንኑ አምጥቼላቸው፣ እንባ እየተናነቃቸው መረቁኝ።»

«እንግዲያ በልተውታል።»

«በልተውታል!»

«ንገሪያቸዋ። ምናልባትም ምንም የለበትም።»

«ምናልባት ብዬ ብነግራቸው የዛሬ ሌሊቱን ቅዳሴ አይገቡም። እኔ አውቃቸዋለሁ።»

«ካልነገርሻቸውስ?»

«ነገ ደግመው ይበሉታል።»

ስልኳ ጮኸ።

«አቤት፣ አባባ። ደኅና ነኝ፤ ጋሳይን አልፈናል። አዎ… አዎ፣ ያንኑ ለስላሳ ሥጋ ይዤልዎታለሁ።»

እኔም ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ንፋስ መውጫ እስክንወርድ ድረስ ወደ እርሷ አልተመለከትሁም።