የተወለወለው ሞተርና ያልበረደው መኪና

ያን ቀን ፀሐይዋ አስፋልቱን ውሃ አስመስላው ነበር። ከሩቅ የሚመጡት መኪኖች የሚዋኙ ይመስላሉ። እኔ አስም ያለባትን ልጄን አቅፌ በጎረቤታችን በጋሼ መኪና ውስጥ፣ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ጋሼ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፤ በየሳምንቱ ሐኪም ቤት የሚያደርሱን እሳቸው ናቸው። መስኮት ስንከፍት አቧራው ያስላታል፤ ስንዘጋ ሙቀቱ ያፍናታል። ኤሲው ለብ ያለ ትንፋሽ እንጂ ሌላ የለውም። ዓይኔን ከደረቷ ሳልነቅል መንገዱ እንደማያልቅ ሕልም ይረዝምብኛል።

መብራት ይዞን ሳለ ቱታ የለበሰች ወጣት መስኮቱን አንኳኳች። የጋሼ የወንድም ልጅ ናት፤ የመኪና ማቀዝቀዣ ጥገና ተምራ ጋራዥ ትሠራለች። ገብታ በሩን እንኳ ሳትዘጋ፣

“አጎቴ፣ ይሄ ኤሲ ነው የዳቦ ቤት ምድጃ?” አለች።

“አፍሽን ያዥ! ነገ ጋዝ አስሞላለታለሁ።”

“አምናም አስሞልተው ነበር እኮ።”

“ካቻምናም አስሞልቻለሁ። መኪና ሲያረጅ ጋዝ ይጠጣል፤ ምን ይደረግ?”

“ጋዙ እንደ ቤንዚን አይቃጠልም፣ አጎቴ። ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጎደለ አንድ ቦታ አምልጧል ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ መሙላት በወንፊት ውሃ መቅዳት ነው።”

ሐኪም ቤት ደርሰን ተራችንን ጥላ ሥር ስንጠብቅ የወንድማቸው ልጅ ኮፈኑን አስከፈተቻቸው። ሞተሩ እንደ መስታወት ያበራል።

“ይኸው! ጠዋት ጠዋት እኔው ነኝ የምወለውለው” አሉ ጋሼ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ወጣቷ ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች። “ፋኑ ይዞራል። ቺንጋው፣ ይሄ ቀበቶ፣ አልላላም። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰርም ይነሳል” አለች። ከዚያ ከፊት ወንበሮቹ ፊት ለፊት ካለው ክሩስኮት ሥር የአየር ማጣሪያውን መዛ አወጣች፤ አቧራ ጠጥቶ እንደ አሮጌ ብርድ ልብስ ወፍሯል። “ይሄ ይቀየራል። ጋዙ የሚያመልጥበትን ግን ማየት አልቻልኩም። ጋዝ ሲያመልጥ ዘይት ይዞ ይወጣና መጋጠሚያው ላይ ቅባት ይተዋል። እርስዎ ደግሞ ምስክሩን በየጠዋቱ ይጠርጉታል!”

“እና ሞተሬን አቆሽሼ ልዙር? ሰው ምን ይለኛል?”

“በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ? እስከ ሳምንት አይንኩት።”

“ትናንት ያዘልኩሽ ልጅ ዛሬ መኪና ልታስተምሪኝ!” ብለው ኮፈኑን ጓ አድርገው ዘጉት።

በሰው ዘመድ መካከል መግባት ደግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የልጄ ትንፋሽ ጭኔ ላይ ሲያፏጭ ዝም ማለት አቃተኝ።

“ጋሼ፣ መጀመሪያ ልጄን ሐኪም ዘንድ ሳመጣት፣ እንዳታሳፍረኝ ብዬ ሳሏን በሽሮፕ ጸጥ አድርጌ ነበር። ዶክተሩ ‘እናት፣ እኔ እኮ መስማት የምፈልገው ሳሏን ነው’ አሉኝ።”

ጋሼ ልጄን አዩ፤ ኮፈኑን አዩ። “እሺ” አሉ በመጨረሻ፤ “ግን ሰው ከጠየቀኝ እሷ ናት ያቆሸሸችው ነው የምለው።”

“ይበሉ፣ ስሜን ያጥፉት!” ብላ ሳቀች።

በሳምንቱ አንዱ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ጥቁር ቅባት ታየ። ወጣቷ መኪናውን ጋራዥ ወስዳ መጋጠሚያው ውስጥ ያለውን የደረቀ የጎማ ቀለበት፣ ማጣሪያውንም ቀየረች፤ እንደማያፈስ ፈትሻ ጋዙን የሞላችው ከዚያ በኋላ ነው።

እናቶች ሆይ፣ አሮጌ መኪና ያለው ዘመድ ካላችሁ ይህን ንገሩልኝ። የሚወጣው ንፋስ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ ማጣሪያው ይታይ። ንፋሱ በርትቶ የማይበርድ ከሆነ ፋኑ፣ ቺንጋውና ኮምፕሬሰሩ ይታዩ። ጋዝ ከመሙላት በፊት የፈሰሰበት ይፈለግ። ቱቦውን ግን ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይፍታው፤ በኃይል የታመቀ ነገር ዓይን ያጠፋል። እንዲህ ሲደረግ መኪናው ዕድሜ ያገኛል፤ ጋዙም አምልጦ አየሩን አይበክልም፤ ሕፃንና በሽተኛም አቧራ ሳይውጡ ይደርሳሉ።

በቀጣዩ ጉዟችን መስኮቶቹ ተዘግተው ነበር። ከፊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ማለዳ ወንዝ ይፈሳል፤ ውጭ ያለው ሙቀት የሌላ አገር መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም። አንዲት ትንሽ እጅ ጉንጬን ስትነካኝ ብቻ ነቃሁ።

“እማዬ፣ ተነሽ እንጂ” አለችኝ ልጄ፣ “ደርሰናል።”