አቶ ቂርቆስ ወሰኔ ስለ ባለቤታቸው እንዲነገር ያዘዙት ቃል

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ሐምሌ ነው፤ ከትናንት ጀምሮ ይዘንባል።

አቶ ቂርቆስ ከአባታቸው ከአቶ ወሰኔና ከእናታቸው ከወይዘሮ በዛብሽ በኪራሙ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረው ነቀምቴ ገቡና አናጢነት ለምደው፣ በዚያው በበከኒሳ ቀሴ ሰፈር ብዙ ሰው ዛሬም የሚከፍተውን በርና መስኮት ሠሩ። ወይዘሮ ሊሊሴ ባቻን አግብተው ዝማሬን ወለዱ። የኪራሙ ኑሮ ሲታወክም ወላጆቻቸውን አምጥተው ከነቀምቴ ወጣ ብሎ ኡኬ ላይ ጎጆ ቀለሱላቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ስትሮክ መታቸውና ቀኝ ጎናቸው ዛለ። እግራቸው ቀስ በቀስ ቢመለስም የባልነት አቅማቸው አልተመለሰም፤ ይህንንም ለሰው መናገር አፍረው፣ ሚስታቸውን ትተው አባታቸው ቤት ገቡ። ሽማግሌ ተቀምጦ ምክንያቱ ሲጠየቅ፣ ወይዘሮ ሊሊሴ ባላቸውን ከሚያዋርዱ ራሳቸውን አዋርደው፣ «አባቶቼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አስቀይሜዋለሁ» ብለው የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስመው ይቅርታ ጠየቁ። እርቅ ወረደ። ሰው ግን «ባሏን ሲታመም የገፋች» እያለ ስማቸውን ይዞ ቀረ። አቶ ቂርቆስም ቤታቸው ቢመለሱም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይተኙ ነበር።

ወይዘሮ ሊሊሴ በመርፌ የሚያክሙ ሐኪም እዚያው ነቀምቴ መኖራቸውን ሰምተው ባላቸውን ይዘው ሄዱ። ሐኪሟም፣ «አንዳንዶቹ ረድቶናል ይላሉ፤ ጥናቱ ገና ነውና ቃል አልገባም፤ የግፊት ክኒንዎን ብቻ እንዳያቋርጡ» ብለው፣ ፀጉር የሚያህሉ መርፌዎች ከእግራቸውና ከወገባቸው ላይ ይሰኩላቸው ነበር። አቶ ቂርቆስ፣ «ሚስማር ስመታ ኖሬ ተራው የእኔ ሆነ» ሲሉ፣ ባለቤታቸው «ዝም ብለህ ተኛ፤ ጣውላ አይናገርም» ይሏቸው ነበር።

የተመኙት ሁሉ አልሆነም፤ ትንሽ ለውጥ መጥቶ ቆመ። ቢሆንም ሐኪሟ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ያነጋግሯቸው ስለነበር፣ መነጋገሩ ሲለመድ ኀፍረቱ ቀለለ።

ባለፈው ሳምንት ሕመሙ ዳግመኛ መታቸው። አንደበታቸው ሳይዘጋ አባታቸውን ጠርተው፣ «አባ፣ ሊሊሴ ስሟ የጠፋው ለእኔ ብላ ነው፤ ስሞት ሰው በተሰበሰበበት እውነቱን ይናገሩልኝ» አሉ። ትናንት ዐረፉ። ቃላቸው እነሆ ተነገረ።

አባትና እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና አንዲት ልጃቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመ ሥጋቸውን በአፈር፣ ነፍሳቸውን በቅዱሳን አጠገብ ያሳርፍልን።

ዘመድ የለቅሶውን ድንኳን ኡኬ፣ በአባታቸው ደጅ ተክሎት ነበር። አባታቸው ዛሬ ማለዳ አስነቅለው፣ በከኒሳ ቀሴ፣ በወይዘሮ ሊሊሴ ደጅ አስተክለውታል። ለቅሶ የሚደርስ ወደዚያ ይምጣ።