ዝም አይነቅዝም ያሉት ሽማግሌ

በአልጄሪያ የካቢሊያ ተራራ ሰው ወይራውን ለማንም አያምንም። ለቅሞ ሲጨርስ ከነጆንያው ወደ መጭመቂያ ቤት ይወስደዋል፤ ተራው እስኪደርስ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ፍሬው ከሌላ ሰው ፍሬ ጋር እንዳይደባለቅ ዓይኑን አይነቅልም። ሽማግሌው ዳ ሙሁብም በዚያ ብርዳማ ጠዋት እንዲሁ ተቀምጠው ነበር፤ ልባቸው ግን ጆንያው ላይ አልነበረም። በማግስቱ ከተማ ድረስ ሄደው ለፖሊስ ቃል እንዲሰጡ ተጠርተዋል። ባለፈው በጋ "ትንሽ ጥያቄ አለችን" ብለው የጠሯቸው ሰዎች ወሩ እስኪያልቅ አልለቀቋቸውም።

የከተማውን ጸሎት ቤት መንግሥት በሰም ካሸገው ወዲህ በዙሪያው ያሉ የአምስት መንደር ክርስቲያኖች የሚሰበሰቡት በዳ ሙሁብ ሳሎን ነው። የሚያስተምሩት እሳቸው፣ የሚጸልዩት እሳቸው፣ የታመመ የሚጠይቁት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው።

"ደህና አደሩ፣ ዳ ሙሁብ?"

ቀና ሲሉ የጎረቤታቸው ልጅ ጉራያ ናት። ሕግ ተምራ በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የተመለሰች፣ ከሳቸው ሳሎን የማትቀር፣ ምላሷ የማይያዝ ልጅ።

"ደህና አደርሽ ልጄ። አባትሽስ? ወይራውን አንቺ ይዘሽ መጣሽ?"

"ወገባቸውን ይዟቸው ተኝተዋል። 'እኔ እያለሁ ማንም ጆንያ እንዳይነካ' ብለው ብቻቸውን ሲጭኑ ነው።" ጆንያዋን ከሳቸው ጆንያ አጠገብ ጎትታ ተቀመጠች። "ይሄ በሽታ በኛ አገር ሽማግሌ ላይ ይበረታል።"

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ገባቸው። ወዲያው ማሽኑ ተነሣና ቤቱ በጩኸት ተሞላ። ጉራያ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለች።

"ስለዚያ የአገልጋዮች ሥልጠና መልስ ይስጡኝ።"

"ቡዚድ በሩ ላይ ተቀምጧል።" ቡዚድ ፖሊስ ጣቢያ ወሬ ያመላልሳል እየተባለ የሚታማ ሰው ነው።

"ይቀመጥ። በዚህ ጩኸት የራሱን ሐሳብም አይሰማም።"

"ነግሬሽ የለም እንዴ፤ አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም? አስተማሪዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው። ባሕር ዳር ያለ የአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ነው። ሹፌሩ ፈርሃት፣ ልብስ ሰፊዋ ታውስና እኔ እንሄዳለን፤ ተምረን እንመለሳለን፤ በየመንደራችን ቤታችንን እንከፍታለን። እርስዎ ይሁን ካላሉ ግን ፈርሃት ከደጁ አይወጣም።"

"እኔ ስታሰር የሚያለቅሰው አንድ ቤት ነው። ይሁን ካልኩ ነገ የፈርሃት ልጆች፣ የታውስ ልጆች፣ አባትሽ... አዝመራ ይመስል ሰው እያሰለጠንኩ ላሳጭድ? ፈሪ ለናቱ ይባላል።"

"የፈርሃት እናት ሞታለች። ለማን ይሁን?"

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን አልቆየም።

"ከውጭ አገር እየመጣ ያስተምረን የነበረው መምህር እስኪመለስ እንታገሥ።"

"ቪዛ ከከለከሉት ስንት ጊዜው። ቢመጣስ? እማማ ዊዛ ዛሬ ነገ የምትል በሽተኛ ናት። ስትሞት ለቅሶ ቤቷ ገብቶ በአስተርጓሚ ሊያጽናና ነው?"

ማሽኑ በድንገት ቆመ። ከጩኸቱ በኋላ የመጣው ዝምታ ያስፈራ ነበር። የሁሉም ፊት ወደነሱ የዞረ መሰላቸው።

"ዘንድሮ ፍሬው ትል በዝቶበታል" አለች ጉራያ ጮክ ብላ፣ ሳትደናገጥ።

ቡዚድ ተነሥቶ መጣ። ከጆንያው አንድ ፍሬ አውጥቶ በጣቱ አሻሸው።

"እንዲያውም ንጹሕ ነው" አለ። "ነገ ከተማ ይወርዳሉ አሉ፣ ዳ ሙሁብ። በሰላም ይመለሱ።" ፍሬዋን ኪሱ ከቶ ወደ በሩ ተመለሰ።

ዳ ሙሁብ ቡዚድን በዓይናቸው ተከተሉት። መጠራታቸውን ለሚስታቸው እንኳ አልተናገሩም። ማሽኑ እንደገና እስኪጮህ የጆንያውን አፍ ሲያስሩ ቆዩ።

"አየሽ?" አሉ በመጨረሻ።

"አየሁ። እርስዎ የሚደብቁትን እሱ ያውቀዋል። ታዲያ መደበቁ ማንን አዳነ? አንድ ራስ ብቻ ስላለን አንድ ሰው ይዘው ሁላችንንም ያዙን።"

"እኔን ያዙኝ እንጂ እናንተን አልነኩም። እኔ በሌለሁበትም ተሰብስባችኋል፣ ጸልያችኋል። ነግረውኛል።"

ጉራያ ያንን ውሸት ሰው ሁሉ ተስማምቶበት እንደነበር ታውቃለች።

"ዋሽተውዎታል" አለች። "ተሰብስበናል፣ እውነት ነው። እርስዎ የሚቀመጡበት ምንጣፍ ባዶውን ነበር። በመንደሩ ሸንጎ ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አይናገርም፤ እርስዎም ሳሎንዎ ውስጥ ይህንኑ ሥርዓት ተከሉ። ማን ይጀምር? ፈርሃት መጽሐፉን ገልጦ ነበር፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። መልሶ ዘጋው። ሻይ ጠጣንና ተበተንን። በሳምንቱም እንዲሁ። ከዚያ የኢገር መንደር ሰዎች ቀሩ።"

"ፈርተው ነዋ።"

"ከተማ ያሉትን አይደለም የፈሩት። እርስዎን ነው።"

ሽማግሌው እስር ቤት ሳሉ በየስብሰባው ሰዓት ዓይናቸውን ጨፍነው "አሁን እየጸለዩ ነው" ይሉ ነበር። ደግፎ ያቆማቸው ይህ ነበር። ለካስ የተደገፉት፣ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተው ሻይ የሚጠጡበትን ክፍል ነው።

"ሁልጊዜ 'ዝም አይነቅዝም' ይሉናል" አለች ጉራያ፣ ድምፅዋን ለዘብ አድርጋ። "ነቀዘ፣ ዳ ሙሁብ።"

ሽማግሌን ማክበር መልካም ነው። ሽማግሌው ሲታሰር አብሮት የሚታሰር ምላስ ግን የአክብሮት ምልክት ሊሆን አይችልም። ሽማግሌው ቤቱን የሠራው በአንድ ምሰሶ ነውና ጥፋቱ ከምላሱ ባለቤት ይልቅ የሱ ነው።

"እዚያ ምን ያስተምሯችኋል?" አሉ ዳ ሙሁብ።

"የምናነበውን መጽሐፍ ለሌላ ሰው ማስረዳትን፣ በለቅሶ ቤት ምን እንደሚባል፣ የተጣላ ማስታረቅን። ስንጠራ ምን መመለስ እንዳለብንም።"

"ፍርሃቱንስ ያወጡላችኋል?"

"አያወጡም። ያልተዘጋጀ ሰው ሲፈራ ያልተጠየቀውን ይዘረግፋል። የተዘጋጀም ይፈራል፤ የሚመልሰውን ግን ያውቃል። ደግሞ ያስቡት፤ ከየመንደሩ ሰው በአንድ ቀን ወደ እርስዎ ደጅ ሲጎርፍ ዕውርም ያየዋል። በኢገር ስድስት ሰው ፈርሃት ቤት ሻይ ቢጠጣ ማን ዞር ብሎ ያያል?"

የዳ ሙሁብ ተራ ደረሰ። አዲሱ ዘይት አረንጓዴ ሆኖ ሲወርድ የመጭመቂያው ባለቤት እንደ ልማዱ በሳህን ቀድቶ ከትኩስ ዳቦ ጋር አቀረበላቸው። ያን ዳቦ ባርኮ የሚቆርሰው ታላቅ ነው። ዳ ሙሁብ ዳቦውን አነሡ፤ ያዙት፤ ከዚያ ወደ ጉራያ ዘረጉት።

"አንቺ ጀምሪ።"

"እኔ?"

"ፈርሃት እዚህ የለም። ያለሽው አንቺ ነሽ።"

ጉራያ ዳቦውን በሁለት እጇ ተቀበለች። ቡዚድ ከበሩ ሆኖ ያያል። ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ስለ ዘይቱ የምታወራ መስላ፣ ማሽኑ እየጮኸ ጸለየች፦ "ስለ ዳቦው እናመሰግንሃለን። ነገ ለሚጠይቋቸው የሚመልሱትን ስጣቸው። በሰላም መልሳቸው።" ከዚያ ዳቦውን ቆረሰችው።

"አሜን" አሉ ሽማግሌው። ቁራሹን ዘይቱ ውስጥ ነከሩ። "ሦስታችሁም ሂዱ። ለፈርሃት እኔ እነግረዋለሁ።"

በማግስቱ ቃላቸውን ሰጥተው ሲመሽ ተመለሱ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ሦስቱ ሠልጥነው ከተመለሱ በኋላ፣ ወይራው ሳይለቀም፣ እንደገና ጠርተው አስቀሯቸው። በዚያው ሳምንት ኢገር ውስጥ ፈርሃት መጽሐፉን ገልጦ እየተንተባተበ አነበበ፤ ቀርተው የነበሩትም ተመልሰው ነበር። እማማ ዊዛም ያን ጊዜ አረፈች፤ ታውስ በአስከሬኗ ራስጌ ቆማ ዊዛ በሕፃንነቷ አፍ በፈታችበት ቋንቋ መዝሙር አነበበች፤ አስተርጓሚ የፈለገ ሰው አልነበረም። ፈርተው ከቤት የቀሩ አልጠፉም። አንድ በር ቢዘጋ ግን ሌላው ክፍት ነበር።

ዳ ሙሁብ እስር ቤት ውስጥ ያን ጊዜም ፈርተው ነበር። የፊተኛው ፍርሃታቸው ለአምስት መንደር ሰው ነበር፤ የአሁኑ ለራሳቸው ብቻ ሆነ። የአንድን ሰው ፍርሃት ደግሞ አንድ ሰው ይችለዋል።