የወፍጮው ሞተር

በደርግ ጊዜ፣ በጦርነቱ፣ ከፍላቂት በጭነት መኪና ተሳፍረን ስንሄድ አንድ ባለወፍጮ ሽማግሌ አጠገባቸው ከተቀመጠው መካኒክ ጋር ያወራሉ።

«ሞተሬ ደከመብኝ፣ ልጄ። እህል ሲገባበት ያቃስትና ይጠፋል።»

«ናፍጣው ውሃ ገብቶበት ይሆን?»

«አጣርቼዋለሁ።»

«የአየር ማጣሪያውስ?»

«አጥቤዋለሁ።»

«ጭሱ ምን ይመስላል?»

«ጥቁር ነው። ቤቱን ይሞላዋል።»

«እንግዲያው ጭስ ማውጫው ተደፍኗል፣ አባቴ።»

«እሱንማ እርጥብ ጆንያ የጠቀጠቅሁበት እኔው ነኝ።»

«ኧረ ምን ነካዎት! በምን ይተንፍስ? ያውጡለት እንጂ!»

«እንደ ልቡ ከጮኸ አውሮፕላኑን አንሰማም። ባለፈው ወፍጮ ቤት ተራ ይጠብቁ የነበሩት ሴቶች ያለቁት ሳይሰሙት መጥቶባቸው ነው።»

ሽማግሌው ወደ መካኒኩ ዞር አሉ።

«ሌላ መላ የለውም?»

መኪናችን እያጓራ ዳገቱን ሲወጣ፣ እኔ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ።